ቀድሞ የደረሰ እጅ፦ የሲስተር ምብራት ሃፍቶም የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ምብራት ሃፍቶም ከአባታቸው ከአቶ ሃፍቶም በራኺ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘውዲ ግደይ በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአራዳ፣ አፍንጮ በር በሚባለው ሰፈር ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከትግራይ መጥተው ፒያሳ ላይ ሰዓት በመጠገን የሚተዳደሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እናታቸው ደግሞ የግቢውን ልጅ ሁሉ እንደ ራሳቸው ልጅ የሚያበሉና የሚቆጡ ሴት ነበሩ። እቤት ትግርኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገሩ ያደጉት ሲስተር ምብራት ሲቆጡ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገሩ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

በዚያው ግቢ፣ ጎን ለጎን ባለው ቤት፣ የአቶ ወልደጊዮርጊስ ልጅ ቃለጽድቅ ይኖር ነበር። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞቱበት ወይዘሮ ዘውዲ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ አሳደጉት። እንደ ልጆቻቸው በትግርኛ "አደይ"፣ እናቴ፣ እያለ ይጠራቸው ነበር። ከሲስተር ምብራት ጋር እኩያ ስለነበሩ አብረው ፊደል ቆጠሩ፤ እርሷ "ቃሌ" ስትለው እርሱም "ምብሬ" እያላት አደጉ። ይህ ልጅ ዛሬ ዶክተር ቃለጽድቅ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ስማቸው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ቤተሰቡ በዚህ ጉዳይ ላይ ተማክሯል፤ መተው ይሻላል ያሉም ነበሩ። ነገር ግን እርሳቸውን ትቶ የሲስተር ምብራትን ሕይወት መናገር አይቻልም።

ሲስተር ምብራት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ሐሳባቸው እንደ አባታቸው የእጅ ሙያ መያዝ ነበር። ያንን የለወጠው በ1972 ዓ.ም. በቤተሰቡ ላይ የደረሰው አደጋ ነው።

በዚያ ዓመት ክረምት ታናሽ ወንድማቸው ተስፋሁን፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው፣ ለአባቱ ምሳ አድርሶ ሲመለስ ቸርችል ጎዳናን ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ደረሰለት። አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ አነሡት፤ ከታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አጥፈው አስተኙትና እየጮኹ ሆስፒታል አደረሱት። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሮቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዘዙትም። ሐኪሙ ለአቶ ሃፍቶም፣ "መኪናው ብቻ አይደለም የጎዳው፤ አነሣሡም ጎድቶታል። አከርካሪው ሳይታጠፍ ቢመጣ ምናልባት ሌላ ነገር እናወራ ነበር" አሏቸው። አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ምብራት ከአባታቸው ጎን ቆመው ይህን ሰሙ።

አባትና ልጅ ይህን ነገር ለወይዘሮ ዘውዲ ላለመንገር እዚያው ተስማሙ። ወይዘሮ ዘውዲ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ልጃቸውን ያነሡለትን ሰዎች ሲመርቁ ኖሩ። ያን ታክሲ ነጂ በየዓመት በዓሉ እየጠሩ ሲያበሉት ሲስተር ምብራት ምንም ሳይሉ ያስተናግዱ ነበር። ብዙ ቆይተው በሥልጠና ላይ ይህን ታሪክ ሲያነሡ እንዲህ ይሉ ነበር፦ "እነዚያ ሰዎች ወንድሜን አልጠሉትም። ወድደውት፣ አዝነውለት ነው ያጠፉት። ያስተማራቸው ግን አልነበረም።"

ከዚያ በኋላ ነርስ ካልሆንኩ አሉ። በ1977 ዓ.ም. ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገብተው በ1979 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ፤ ወልዲያ ተመድበውም ጥቂት ዓመታት አገለገሉ። ዶክተር ቃለጽድቅ በዚያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ ነበሩ። ሲስተር ምብራት ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ለእናታቸው ቀሚስ፣ ለ"ቃሌ" ደግሞ የልብ ማዳመጫ ገዝተው ላኩ። ወይዘሮ ዘውዲ፣ "ለወንድምሽስ?" ብለው ሲጠይቁ፣ "ሁለቱም ወንድሞቼ ናቸው፤ ተስፋሁን በሚቀጥለው ወር" የሚል መልስ ከወልዲያ መጣ። ለተስፋሁንም በሚቀጥለው ወር መጣለት።

በ1983 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሥራ ጀመሩ። ጥር 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ከአቶ ፍቅሬ ተሰማ ጋር ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ትዳር መሠረቱ። አቶ ፍቅሬ የስልክ መሥመር ቴክኒሻን ነበሩ። ሚዜያቸው ዶክተር ቃለጽድቅ ነበሩ። ከዚህ ትዳር ናዝራዊትና ጽዮን የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ የቀን ሥራቸውን ሳይተዉ፣ በማታ ትምህርት በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎም በ2001 ዓ.ም. በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል።

ሲስተር ምብራት በድንገተኛ ክፍል የኖሩባቸውን ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስሉ ነበር። ሕመምተኛው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ምን ሆኖ ነው የመጣው? ሐኪሙ የሚያየው ከበሩ ወዲህ ያለውን ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚያጠና አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ከዶክተር ቃለጽድቅ ጋር ሆነው ይህን ማጥናት ጀመሩ። ዶክተር ቃለጽድቅ ያኔ የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ስለነበሩ ጥናቱ የተፈቀደው በእርሳቸው ስም ነው። በር ላይ ቆመው የሚጠይቁት ግን ሲስተር ምብራት ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ከታክሲና ከባጃጅ የሚወርደውን ሁሉ፣ "ማን አነሣው? በምን መጣችሁ? መንገድ ላይ ምን አደረጋችሁለት?" ይላሉ። ሰው በድንጋጤ ይሳደባል፤ ይታገሣሉ። ውኃ አጠጣነው የሚል አለ፤ ፊቱ ላይ ረጨንበት፣ አፈር ነሰነስንበት፣ ተሸክመን ሮጥን የሚል አለ። አምቡላንስ ጠራን የሚለው ጥቂት ነበር፤ ጠርቶ ያገኘው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ጥናቱ ያሳየው በአጭሩ ይህ ነው። በዚህ ከተማ አደጋ የደረሰበትን ሰው መጀመሪያ የሚነካው እጅ የሐኪም እጅ አይደለም። የታክሲ ነጂ፣ የረዳት፣ የባለሱቅ፣ የሊስትሮ እጅ ነው። ሲስተር ምብራት ከዚህ ተነሥተው፣ "አምቡላንሱ እስኪበዛ ድረስ ቀድሞ የሚደርሰውን እጅ እናስተምር" አሉ። የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ይኸው ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ በአንድ አዳራሽ እሑድ እሑድ ሥልጠና ጀመሩ። የፒያሳ፣ የአፍንጮ በርና የቸርችል መሥመር ነጂዎች ከነረዳቶቻቸው መጡ።

ተማሪዎቹ የአራዳ ልጆች ናቸውና ቀልዱ አይጣል ነበር። የተጎዳውን ሰው ሳታጥፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስተኝታችሁ ጫኑ ሲባሉ አንዱ ተነሥቶ፣ "ሲስተር፣ እኛ እኮ ሰው ጠቅጥቀን ነው የምናውቀው" አላቸው። ሲስተር ምብራት ከሁሉም በላይ ሳቁ። የሚያስተምሩትም ነጂው መኪናው ውስጥ በሚያገኘው ነገር ነበር። ካርቶን ለተሰበረ ክንድ፣ የወንበር ጨርቅ ለማሰሪያ፣ የጎማ መፍቻ ብረት ደግሞ ማሰሪያውን ጠምዝዞ ለማጥበቂያ። የእግር ደም ሥር ሲቆረጥ ደሙን እንዴት አስሮ ማቆም እንደሚቻል ያስተማሩት ዶክተር ቃለጽድቅ ራሳቸው ነበሩ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭናቸውን ለአንድ ነጂ ሰጡና፣ "ጠበቅ አድርገው፣ አትራራልኝ። ካላመመኝ አልሠራም ማለት ነው" አሉት። ነጂው ሲያጠብቀው ጮኹ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዚያም በቁም ነገር፣ "ማሰሪያው ነፍስ ያድናል፤ ግን ብዙ መቆየት የለበትም። ሐኪም ዘንድ እንደደረስክ 'ታስሯል' ብለህ ንገር። ከዚያ በኋላ የእኛ ሥራ ነው" አሉ። ጭናቸው ላይ ያሰረው ነጂ አቶ ኑሪ ነበሩ። ዛሬ እዚህ መካከላችን ቆመዋል።

መጋቢት 2010 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ በአንድ የመስተዋትና የፍሬም መሸጫ የሚሠራ ተክላይ የሚባል ወጣት መስተዋት ሲያወርድ አምልጦት ጭኑን ቆረጠው። አቶ ኑሪ እዚያው ተራ ይዘው ነበር። ደሙን አይተው ሮጡ፤ የረዳታቸውን የአንገት ልብስ አሰሩበት፤ በጎማ መፍቻው አጠበቁት፤ ደሙ ቆመ። ወጣቱን ቀጥ አድርገው አስተኝተው ሆስፒታል አደረሱት። በሩ ላይ ዶክተር ቃለጽድቅን አገኟቸውና፣ "ዶክተር፣ ታስሯል። እርስዎ እንዳሳዩን ነው ያሰርኩት" አሏቸው። ዶክተር ቃለጽድቅም፣ "ጎበዝ። ውጭ ሆነህ ጠብቅ" አሉ።

ያን ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ተገልብጦ ቁስለኛው በአንድ ጊዜ ስለመጣ ክፍሉ ተጨናንቆ ነበር። ተክላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ኮሪደር ላይ ተኛ። ደሙ ስለቆመ ከሌሎቹ የተሻለ መሰለ። ዶክተር ቃለጽድቅ ወደ ሌላ ተጠሩ፤ ከዚያም ወደ ሌላ፤ ረሱት። ሲስተር ምብራት ያን ቀን ተረኛ አልነበሩም። ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ብርድ ልብሱን ገልጣ ስትጮህ እግሩ ከማይድንበት ደርሶ ነበር። ተክላይ ነፍሱ ተረፈ፤ እግሩን አጣ።

ሲስተር ምብራት ስለዚህ ቀን ሲናገሩ፣ "ያን መርሳት ይቅር የማይል ነርስ የለም። እኔም ረስቼ አውቃለሁ፤ እግዜር ሆኖ ነው ያልተቆረጠብኝ" ይሉ ነበር። ያቆሰላቸው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

የተክላይ ቤተሰብ እግሩ ለምን ተቆረጠ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሹፌሩ አላግባብ ስላሰረው ነው የሚል መልስ ከሆስፒታሉ ተሰጠው። ፖሊስ አቶ ኑሪን ከታክሲ ተራ ላይ ወሰዳቸው። ጥናቱ ታገደ፤ ሲስተር ምብራትም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዲቀርቡ ተጠሩ። በዋዜማው ዶክተር ቃለጽድቅ አፍንጮ በር መጡ። እንደ ልማዳቸው ከወይዘሮ ዘውዲ ጎን ተቀምጠው እራት በሉ። ወይዘሮ ዘውዲ በጭንቀት ሲጠይቋቸው፣ "አደይ፣ አታስቢ። እኔ እያለሁ ምብሬን ማን ይነካታል?" አሏቸው። እናቲቱ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው መረቋቸው። አቶ ፍቅሬ እስከ መኪናቸው ሸኟቸው። ሲስተር ምብራት በዚያች ሌሊት ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ እንደተኙ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

በማግስቱ ቀድመው ኮሚቴው ፊት የቀረቡት ዶክተር ቃለጽድቅ ነበሩ። ሲስተር ምብራት ሲገቡ ዶክተሩ የሰጡት ቃል ተነበበላቸው። በሥልጠናው ላይ የመክፈቻ ንግግር ከማድረግ በቀር ድርሻ እንደሌላቸው፣ ለነጂዎች ማሰር ማስተማር አደገኛ መሆኑን ለሲስተር ምብራት ነግረዋቸው እንደነበር፣ እርሳቸው ግን እንዳልሰሟቸው ተናግረው ነበር። አቶ ኑሪ በር ላይ ነግረዋቸው እንደሆነ ሲጠየቁም፣ "የነገረኝ ሰው የለም" ብለዋል። ሲስተር ምብራት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ነጂዎች ይጠየቁልኝ አሉ። ነጂዎቹ ለጉዳዩ ባለሙያ አይደሉም ተብሎ አልተጠሩም።

ከኮሚቴው ወጥተው ዶክተር ቃለጽድቅን ኮሪደር ላይ ጠብቀው አገኟቸው። የተባባሉትን ለባለቤታቸው የተናገሩት በዚያው ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግመው አላነሡትም።

"ቃሌ፣ ጭንህን ሰጥተህ ነው እኮ ያስተማርከው" አሏቸው።

"ምብሬ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ። ትችዪዋለሽ። እኔን ግን ይሄ ነገር ይጨርሰኛል። ልጆች አሉኝ።"

"እኔስ?"

ዶክተር ቃለጽድቅ ሰዓታቸውን አይተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሲስተር ምብራት ከድንገተኛ ክፍል ተነሥተው ካርድ ክፍል ተመደቡ። ሃያ ሰባት ዓመት ከዘለቀ የቁስለኛ አገልግሎት በኋላ መስኮት ላይ ተቀምጠው ካርድ ሰጡ። የሚያውቋቸው ነርሶች በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ክፋት ሆኖባቸው አይደለም፣ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው። አቶ ኑሪ በዋስ ቢወጡና ክሱ ቢዘጋም መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። የተራው ልጆች "መጋዙ" የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። አራዳ ያወጣው ስም ደግሞ አይለቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸሪፋ ገበያ ሲወጡ "የመጋዙ ሚስት" ሲባሉ ሰምተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሰፈር ቀየሩ። አቶ ኑሪ መኪና አጠባ ገቡ።

ወይዘሮ ዘውዲ ኮሚቴው ፊት የሆነውንም ሆነ ከዚያ በኋላ የመጣውን አልሰሙም። "ቃሌ ምነው ጠፋ?" ሲሉ ልጃቸው፣ "ሥራ በዝቶበት ነው፣ አደይ" ይሏቸው ነበር። ዶክተር ቃለጽድቅ ግን ከዚያች እራት ወዲህ ወደዚያ ቤት አልመጡም። ወይዘሮ ዘውዲ በ2012 ዓ.ም. ሲያርፉ መጡ። ሬሳ ተሸከሙ፤ እንደ ልጅ አለቀሱ። ለቅሶው እውነተኛ እንደነበር ቤተሰቡ ይመሰክራል። ድንኳኑ ውስጥ ሲስተር ምብራት ተነሥተው ተቀበሏቸውና፣ "ዶክተር፣ ስለመጡ እናመሰግናለን። እባክዎ ይቀመጡ" አሏቸው።

ዶክተር ቃለጽድቅ ደንግጠው፣ "ምብሬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አሉ።

"አውቄዎታለሁ" አሉ ሲስተር ምብራት።

በዚያ ግቢ አብረው ጭቃ አቡክተው ያደጉ ሁለት ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ "አንተ" እና "አንቺ" አልተባባሉም። ሲስተር ምብራት አቋማቸውን የገለጡት በዚህ ብቻ ነው። ስማቸውን በክፉ አላነሡም፤ ሰው ሲያማቸውም ዝም ያሰኙ ነበር። ግን በጥሩም አላነሡም። ከሁሉ የከበዳቸው፣ ለአንድ ሰው ቤታቸውን፣ እናታቸውንና ሥራቸውን ያለ ቁልፍ ከፍተው መኖራቸው ነበር። "ከእንግዲህ ሰው ሲያባብለኝ እፈራለሁ" ብለው ለወንድማቸው ነግረውታል። ያቺ ማንንም በቅጽበት የምታምን እህት ከዚያ በኋላ፣ ልጆቿ እንኳ "አይዞሽ" ሲሏት ዓይን ዓይናቸውን ታይ ነበር።

በእናታቸው ሞት ማግስት ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በ2013 ዓ.ም. ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል ስለ ቅድመ ሆስፒታል ድንገተኛ ሕክምና የሚመክር ጉባኤ ተደረገ። ጥሪው የደረሳቸው ከአንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ከአቶ ፍቅሬ ጋር ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። ዋናውን ጥናት ያቀረቡት ዶክተር ቃለጽድቅ ነበሩ። የሲስተር ምብራት የበር ላይ ጥያቄዎች፣ የነጂዎቹ ሥልጠና፣ ካርቶኑና የጎማ መፍቻው ሁሉ በእርሳቸው ስም ቀረበ። ቀድሞ የሚደርሰውን እጅ እናስተምር የሚለው አባባል እንኳ አልቀረም። የአዳራሹ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ሲታይ ዶክተሩ መሐል ቆመዋል፤ ከጎናቸው ክንድ ይታያል፤ የክንዱ ባለቤት ተቆርጣለች። ጭብጨባው ሲነሣ አቶ ፍቅሬ ሊናገሩ ብድግ አሉ። ሲስተር ምብራት እጅጌያቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

"ተቀመጥ" አሏቸው። "የሚለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ የተሳሳተ ነገር የለውም። እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።"

ያ ጥናት ተቀባይነት አግኝቶ ሥልጠናው በሌሎች ሰፈሮች ተጀምሯል። ቤተሰቡ ይህን በደስታ ይናገራል፤ ሲስተር ምብራትም ደስ ብሏቸው ነበር። ነገር ግን በ2010 ልክ ያልነበረው ማሰሪያ በ2013 ልክ ከሆነ፣ አቶ ኑሪ ምን አጠፉ? ሲስተር ምብራት ከጉባኤው ወጥተው ቴዎድሮስ አደባባይ እስኪደርሱ ድረስ ያነሡት ይህን ብቻ ነበር። ስለ ራሳቸው ስም አንድ ቃል አልተናገሩም።

በሚቀጥለው ሳምንት የተክላይን ቤት አፈላልገው ሄዱ። ወጣቱ መጀመሪያ በሩን ዘጋባቸው። ደጋግመው ሄዱ። በመጨረሻ አስገባቸው፤ የሆነውን ሁሉ፣ የራሳቸውን ሙያ ሰዎች ሳይሸፍኑ፣ አንድ በአንድ ነገሩት። ተክላይ ሰምቶ ሲጨርስ፣ "ታዲያ እኔ ሦስት ዓመት የረገምኩት ማንን ነው?" አለ። በማግስቱ በክራንቹ መኪና አጠባው ድረስ ሄደ። አቶ ኑሪ ሲያዩት ቧንቧውን ጥለው ለመሸሽ እንዳሰቡ ይናገራሉ። ተክላይ ግን አንገታቸውን አቅፎ ለረጅም ጊዜ አልለቀቃቸውም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወዳጆች ናቸው። መንጃ ፈቃዱ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ መልስ የሚሰጠው ቢሮ የሚፈልገው የዶክተሩን ቃል ነውና።

ሲስተር ምብራት ሥልጠናውን አልተዉም። ጥናት ነው ሳይሉ፣ የማንንም ደብዳቤ ሳይጠብቁ፣ በየዕድሩ ድንኳን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በመስጊድ ግቢ እየዞሩ አስተማሩ። ፒያሳ ፈርሶ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ሲበተን፣ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ወደሄዱበት አዳዲስ መኖሪያ ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ሄደው አስተምረዋል። ማሰሪያ የሚያስተምሩት አቶ ኑሪ ነበሩ። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ሲስተር ምብራት፣ "በዚህ ከተማ ያለ ጥፋት ደም ያቆመ ሰው ከአንተ ሌላ ማንን ልጥራ?" አሏቸው።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ተገኘባቸው። ሕክምናውን በትዕግሥት ተከታተሉ፤ ሲጸናባቸው ግን እቤት መሆንን መረጡ። ባለፈው መስከረም ዶክተር ቃለጽድቅ ሊጠይቋቸው መጡ። የሚያዩት ሰው መክሳት አስደንግጧቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ሲስተር ምብራት እንዲህ አሏቸው፦

"ዶክተር፣ ለእኔ ምንም አልፈልግም። ስሜም ይቅር፣ ሥራውም ይቅር። ስለ ኑሪ ብቻ ይናገሩ። እርስዎ እንዳስተማሩት፣ በር ላይ እንደነገረዎት፣ ይህን ብቻ።"

"እናገራለሁ። በዓሉ ይለፍና።"

መስቀል አለፈ፤ ጥቅምት ገባ፤ ሲስተር ምብራት ስልክ ሲጮህ ቀና እያሉ ማየታቸውን አልተዉም ነበር። አልተደወለም። ልጃቸው ጽዮን፣ "እማዬ፣ ተዪው በቃ" ስትላቸው፣ "ለአንድ ጊዜ እንኳ ቢያሳፍረኝ ብዬ ነው። ክፉ የጠረጠርኩትን በጎ ሆኖ ቢያሳፍረኝ" አሉ።

ሲስተር ምብራት ሃፍቶም በተወለዱ በ60 ዓመታቸው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል፣ አፍንጮ በር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዶክተር ቃለጽድቅ ለሲስተር ምብራት ትልቋ ልጅ ለናዝራዊት ደውለው፣ በሙያ ባልደረቦች ስም የስንብት ንግግር ለማድረግ ጠይቀዋል።

"ጋሼ ቃሌ፣ ስለ ጋሽ ኑሪ ይናገራሉ?" አለቻቸው።

"ልጄ፣ ቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም።"

"እንግዲያው እኛ እናነሣዋለን" አለች።

ስለዚህ ቤተሰቡ በዚህ ዐውደ ምሕረት፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት፣ ሲስተር ምብራት ሰባት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩትን ቃል ይናገራል። አቶ ኑሪ የተማሩትን በትክክል ሠርተዋል። ያስተማሯቸው ሲስተር ምብራት ሃፍቶም እና ዶክተር ቃለጽድቅ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። በር ላይ ሲደርሱም ለሐኪሙ ነግረዋል። ወጣቱ ተክላይ ዛሬ በሕይወት ያለው በእኚህ ሰው እጅ ነው፤ እርሱ ራሱ እዚህ ቆሞ ይሰማል። "መጋዙ" ብላችሁ የጠራችኋቸው ካላችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ በስማቸው ጥሯቸው። ቢሮ የሚፈልገውን ቃል የሚሰጡት ሰውም እዚሁ ናቸው። ማልቀስ አልተከለከሉም፤ አብረው አድገዋልና። ነገ ጠዋት ግን ቢሮው ክፍት ነው።

ሲስተር ምብራት ባለቤታቸውን አቶ ፍቅሬ ተሰማን፣ ልጆቻቸውን ናዝራዊት ፍቅሬንና ጽዮን ፍቅሬን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ወንድማቸውን ተስፋሁን ሃፍቶምን፣ እንዲሁም በየሰፈሩ ያስተማሯቸውን ብዙ ሰዎች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ጎረቤቶች፣ ለዕድራችን አባላት፣ ለነርሶችና ለታክሲ ነጂዎች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። በባለቤታቸው ጥያቄ መሠረት አስከሬኑን ከፊት በቀኝ በኩል የሚይዙት አቶ ኑሪ ናቸው።

የደከመውን ሁሉ ያለ ልዩነት የሚቀበል አምላክ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር በብርሃን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን፣ እውነት የምንናገርበትንም ድፍረት ያድለን። አሜን።